በሬዎቹን ፈትተን ያወጣናት ሴት

ዛሬ ከወረታ ወጣ ብሎ ሩዝ ማሳ ውስጥ የተገለበጠ ሚኒባስ ብቻዬን ደግፌ ይዣለሁ! እሺ፣ ብቻዬን እንኳ አይደለም፤ መንደሩ ሁሉ ነበር።

(ማታ ማታ ፊደል ቆጥሬ ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ስህተት ካያችሁ የስልኩ ነው።)

ሌሎቹን ተሳፋሪዎች አወጣን። አንዲት ሴት ግን እግሯ ከወንበር ሥር ተይዞ ቀረች።

እኛ ያው ገበሬዎች ነን፤ መኪናውን በገመድ አስረን በሬዎች ጠመድንበት። ላም ረግረግ ውስጥ ስትሰምጥ የምናወጣት እንዲያ ነዋ!

አብራት የተሳፈረች ነርስ፣ ግንባሯ እየደማ፣ «አትጎትቱ! መኪናው ከተንቀሳቀሰ ይጨፈልቃታል!» ብላ ጮኸች።

በሬዎቹን ፈታን። መኪናው እንዳይንሸራተት በቀንበርና በሞፈር ደገፍነው። እኔ በኋላው መስኮት ገባሁና፣ ነርሷ እንዳዘዘችኝ፣ የሴትዮዋ አንገት እንዳይዞር ጭንቅላቷን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ወንድሜ፣ ባሌ የት አለ?» አለችኝ። ዞራ ልታይ ስትል ጠበቅ አደረግኋት።

«ውጭ በሬ ይዞ ቆሟል። የከተማ ሰው ነው መሰለኝ፣ በሬውም ንቆታል።»

«እሱ እኮ በሬ ይፈራል» ብላ ፈገግ አለች። ወንበሩ ተፈትቶ እስኪነሳላት ድረስ ሳትነቃነቅ ጠበቀች። እግሯም ተረፈ።

እናንተም እንዲህ ሰው አውጥታችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ሲጠይቋችሁ ምን እንዳላችኋቸው ጻፉልኝ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የፈጠርኩት በሬ ያዡን ብቻ ነው። ወደ እሷ የገባሁት ባሏን መንገድ ዳር አስተኝቼ፣ ጋቢዬን እስከ ፊቱ አልብሼው ነበር።