ደረቁን የሳብኩት ክር

ልጅ እያለሁ፣ የኮሮና ወረርሽኝ የምንኖርባትን የደቡብ አፍሪካዋን ጆበርግ ዘግቶ ከርሞ በሩን ገርበብ ባደረገበት ሰሞን፣ አባቴ ቅዳሜ ጠዋት ከከተማ ወጣ ወዳለ ግድብ ይወስደኝ ነበር። የእርጥብ ሸምበቆና የሳኒታይዘር ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ዳር ቆመን የምናጠምደው ስሞልማውዝ የሚሉትን ባስ ዓሣ ነው። ክብደት የሚሆነው እርሳስ ከክሩ ጫፍ፣ መንጠቆው ከሱ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ይታሰራል። እርሳሱ ታች ሲያርፍ መንጠቆው ላይ የተሰካው የላስቲክ ትል ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀራል፤ ከዚያ የማጥመጃ ዘንጉን ጫፍ ቀስ አድርጎ ማንቀጥቀጥ ነው።

"ቋጠሮውን ሳታርሺ እንዳታጠብቂ፤ ደረቁን ከሳብሽው ክሩ ተቃጥሎ ይበጠሳል" ይለኝ ነበር አባቴ። እኔም በምራቄ አርሼ አጠብቃለሁ።

ጋሽ ተካ ሮዘተንቪል ሰፈር አንድ ግቢ የምንኖር፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የምናመልክ ሰው ነበሩ። እናቴ ነርስ ናት። በሽታው እንደገባ ጋሽ ተካ ተከራዩን ሁሉ እየዞሩ "ይቺ ሴትዮ ታስጨርሰናለች" አሉ። አከራዩ አስወጣን። በሰኔ ብርድ አይቮሪ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ከአባቴ ሱቅ ጀርባ፣ በዘይት ካርቶን መሃል ተኛን። እናቴ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ስታለቅስ አየኋት። አባቴ ካርቶኖቹን ገፍቶ ፍራሽ አነጠፈላት። እኔ ግን ቂሙን በሆዴ ያዝኩ።

መስከረም ላይ ጋሽ ተካ ግድቡ ዳር ብቅ አሉ። ጭምብላቸው መነጽራቸውን ጉም አልብሶታል።

"አንቺ ልጅ፣ አላይ አለኝ። መንጠቆዋን እሰሪልኝ።"

ክሩን ወደ አፌ ሳስጠጋ ጮሁ። "ኧረ በምራቅሽ እንዳትነኪው!"

ውሃው እግሬ ሥር ነበር፤ ጣቴን ብነክር ይበቃኝ ነበር። አልነከርኩም። ደረቁን ሳብኩት።

ብዙም ሳይቆይ ዘንጋቸው ጎበጠ። ነሐስ የመሰለ ትልቅ ዓሣ ከውሃው ዘለለ። "ጌታ ሆይ! መረብ አምጡልኝ!" አባቴ መረቡን ይዞ ሮጠ። ክሩ ጧ አለ።

ጋሽ ተካ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። "ባለቤቴ ከታመመች እህል አልቀምስ ብላለች። ዛሬ ገና ዓሣ አማረኝ ብላ ነበር" አሉ። አባቴ የያዝናትን አንዲት ዓሣ በፌስታል ጠቅልሎ "ይውሰዱላቸው ጋሼ" ሲል፣ በንዴት ጠጠር አንስቼ ውሃው ላይ ወረወርኩ።

በመኪና ስንመለስ አባቴ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ "የተበጠሰው ቋጠሮው ላይ ነው" አለ። በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አየሁ። እሱም አልደገመውም።

ዛሬ ባለቤታቸው ድነዋል፤ ጋሽ ተካም ሠርግ ላይ ሲያገኙኝ "የኔ ልጅ" እያሉ ጉንጬን ይስማሉ። ያኔ ሁለት ሜትር ተራርቀን፣ ፊታችንን ሸፍነን እንኳ ማን ምን እንዳደረገ እናውቅ ነበር፤ ዛሬ ፊታችን ተገልጦ ሁሉም ረስቶታል። አባቴ ከልቡ ይቅር ብሏል፤ እቀናበታለሁ። እኔ እናቴን ያስለቀሰ ሰው ባዶ እጁን የቀረባትን ያቺን ደቂቃ ሳስታውስ፣ እስካሁን ደስ ይለኛል።