ለቀጠሮው ቀን የተቆጠበ ባትሪ

የክትባት መጋዘኑ ሠራተኞች ቴርሞሜትር ይሉታል። ፊት ለፊትም ይሉታል፤ አይከፋውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራው አንድ ነው፦ ጠዋትና ማታ የቀዝቃዛውን ክፍል ሙቀት ያነባል፣ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ ይፈርማል። በእሱ እጅ አንድ ብልቃጥ እንኳ ተበላሽቶ አልተጣለም።

ባለፈው ዓመት እሱና ሚስቱ መኪና ገዙ፤ ከሶኬት የምትሞላ፣ ባትሪዋ ሲያልቅ በቤንዚን የምትቀጥል፣ ሌላ ሰው አራት ዓመት የነዳት ሃይብሪድ። ሻጩ ቁልፉን ሲያስረክብ «ባትሪዋን በደንብ ከያዝክላት አታሳፍርህም» አለው። ሌላ ሰው ቢሰማው ለመለያያ ያህል የተባለ ነገር ነበር። ቴርሞሜትር ግን እንደ መመሪያ ተቀበለው።

በሳምንቱ ደብተር ገዛ። ባትሪው ከሰማንያ በመቶ በላይ ተሞልቶ እንዳይቆይ፣ ከሃያ በታች እንዳይወርድ፣ መኪናዋም ፀሐይ ላይ እንዳትውል ወሰነ። ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ማታ ከራት በፊት ከሦስተኛ ፎቅ ይወርዳል። በሩን ከፍቶ ይገባል፣ ሞተሩን ሳያስነሳ ዳሽቦርዱን ያበራል፣ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ይፈርማል፣ ቆልፎ ይወጣል።

«ለማን ነው የምትፈርመው?» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን ከበረንዳ ሆና። መምህርት ስለሆነች ድምጿን ዝቅ ማድረግ አይሆንላትም፤ ግቢው በሙሉ ሰማ።

«ለመዝገቡ ነዋ!»

«መዝገቡን ማን ያየዋል?»

ደብተሩን በብብቱ ይዞ ደረጃውን ወጣ።

አብረዋቸው የሚኖሩት እናቱ ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ ከዚያ ያለፈ አያዩም። ሞራውን የሚያነሳው ሐኪም ወደ ከተማው የሚመጣው በሁለት ወር አንድ ቀን ሲሆን፣ በዚያ ቀን የሚሠራው ለስምንት ሰው ብቻ ነው። አምስት ወር ጠብቀው ተራ ደረሳቸው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ያልተገኘ ቦታው ለተጠባባቂ እንደሚሰጥ ወረቀቱ ላይ በቀይ ተጽፏል።

ቀኑ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቴርሞሜትር መኪናዋን ሰማንያ ድረስ ሞላ፣ ገመዱን ነቀለ፣ ከእንግዲህ እስከ ቀጠሮው ንቅንቅ እንደማትል አስታወቀ።

«ለእማዬ ቀን ትቆጠብ።»

«እኔስ?» አለች ሚስቱ። «የስልሳ ልጅ ደብተር ታቅፌ አውቶቡስ በር ላይ ልንጠልጠል?»

«ሦስት ሳምንት እኮ ነው።»

ተንጠለጠለች። እሱ በየቀኑ ሁለቴ መውረዱን አላቋረጠም። ከአርባ ሁለቱ ንባብ አርባው ሰማንያ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሰባ ዘጠኝ ሆኑ። በዋዜማው ማታ ዳሽቦርዱ እንደ ወትሮው ቶሎ አልበራም፤ ፈዘዝ ብሎ ቆይቶ መጣ። ቁጥሩ ግን ቁጥር ነበርና ጻፈው።

በቀጠሮው ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ሪሞቱን ተጫነ። መኪናዋ ዝም አለች። ደግሞ ተጫነ፤ እጀታውን ጎተተ። ከኋላው እናቱ ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው፣ የምራታቸውን ክንድ ይዘው ቆመዋል።

«በሩን ክፈትልኝ እንጂ ልጄ።»

አሮጌ ታክሲውን ያጥብ የነበረው ጎረቤት ጨርቁን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። «ምን ሆነች? ሞተች እንዴ?»

«ሰባ ዘጠኝ በመቶ አላት!»

«እሱ የትልቁ ባትሪ ነው ጌታዬ። በሩንና መብራቱን የሚያሠራው ትንሹ ነው፤ የኔም መኪና ያላት ዓይነት። መቼ ነው የተነዳችው?»

«ሦስት ሳምንቷ ነው። ግን ጠዋት ማታ አያታለሁ።»

«እንዴት ነው የምታያት?»

«ዳሽቦርዱን አበራና…»

«ሳታስነሳት?»

«ሳላስነሳት።»

ባለታክሲው ራሱን ነቀነቀ። «በቃ፣ እያየህ የጨረስካት አንተው ነህ።»

ሚስቱ ሰማይ ሰማዩን አየች።

ባለታክሲው ሪሞቱን ተቀብሎ ጎኑን ሲጫነው ከውስጡ ትንሽ የብረት ቁልፍ ወጣ፤ በሩን በእሱ ከፈተ። «ኮፈኑን ክፈት። ከታክሲዬ ባትሪ ጋር የሚያገናኝ ማስነሻ ገመድ አለኝ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

«ቆይ፣ መመሪያውን ልይ።»

«ምኑን ነው የምታየው?»

«ትልቁን ቢያቃጥለውስ?»

መመሪያውን ከፊት መሳቢያ አውጥቶ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ከገመዱ ገጽ በፊት የማስጠንቀቂያ ገጾች ነበሩ፤ አንዱንም አልዘለለም። ባለታክሲው ገመዱን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ጠበቀ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ እናቱ።

«ለሁለት አሥር ጉዳይ» አለች ሚስቱ፤ የሆስፒታሉ መንገድ ሃያ አምስት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሁሉም ያውቃሉ። አማቷን አዙራ ወደ ታክሲው መራቻቸው። «ወንድሜ፣ አንተው ውሰደን። እሱ አንብቦ ሲጨርስ ይደርሳል።»

ቴርሞሜትር መመሪያውን እንደያዘ ሮጦ ከታክሲው ፊት ገባ።

ሁለት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደረሱ። ነርሷ ዝርዝሩን በጣቷ ወርዳ አየች። «ቦታቸውን አሁን ለተጠባባቂ ሰጠነው። የሚቀጥለው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ለዚያ እመዘግባቸዋለሁ።»

ስለ ትንሹ ባትሪ ሊያስረዳት ሞከረ። አላቋረጠችውም፤ ሲጨርስ ግን «ሁለት ሰዓት ነበር የተባለው፣ ወንድሜ» አለችው። ድምጿን አወቀው። ዘግይተው ለሚመጡ ሹፌሮች በመጋዘኑ በር ላይ እሱ ራሱ የሚያወጣው ድምፅ ነበር።

ሲመለሱ እናቱ ከታክሲው የኋላ ወንበር ጠየቁ።

«ያቺ መኪና ቀለሟ ምንድን ነው?»

«ሰማያዊ ናት እማዬ።»

«ዓመት ሙሉ ነጭ ትመስለኝ ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ከሰዓት በኋላ ባለታክሲው ገመዱን አያይዞ መኪናዋን አስነሳት፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀበት። ሚስቱ ቁልፉን ተቀበለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ከነገ ጀምሮ በየቀኑ እነዳታለሁ።»

በማግስቱ ማታ ግቢው በር ላይ ጠበቃት።

«ባትሪው ስንት ላይ ነው?»

«አላየሁትም።»

«እንዴት አታይም?»

«መንገድ መንገዱን ሳይ!» አለችና የተማሪዎቿን ደብተሮች አስታቅፋው ደረጃውን ወጣች።

ቤት ገብቶ መዝገቡን ከፈተ። ቀኑን ጻፈ። የቁጥሩ ቦታ ባዶ ሆኖ ቀረ፤ እስክሪብቶው ከላዩ ተንጠለጠለ።

«እየጻፍክ ነው?» አሉ እናቱ ከሶፋው። የወረቀቱን ኮሽታ ለይተው ያውቁታል።

«አይ… አዎ።»

«ለቀጠሮዬ ስንት ቀን ቀረ?»

በጣቱ ቆጠረ። «ስልሳ።»

«እሱን ጻፈው።»

ስልሳ ብሎ ጻፈ። አልፈረመበትም።