ለወጉ ያህል "ይቅደሙ" አልኩ

"ዝናብ መጣ፣ ዘግተናል" አለኝ ሠራተኛው፣ ሄልሜቱን ከራሴ ላይ እያወለቀ።

ሁለት ሰዓት ተሰልፌ! ከመሪ ሰፈር እንጦጦ ፓርክ ድረስ የወጣሁት እኮ አንዴ በሽቦ ተንጠልጥዬ ልንሸራተት ነው።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ ነጠላ የለበሱ እናት ቆመዋል። ይሄ አፌ አያርፍ፣ "እማማ፣ ይቅደሙ" አልኳቸው።

ለወጉ ያህል ነበር። "አይ ልጄ፣ አንቺ ቅደሚ" ይሉኛል ብዬ!

"ተባረኪ" ብለው እልል እያሉ በሽቦው ቁልቁል ተንሸራተቱ። ሰማዩም ወዲያው አጉረመረመ።

እየሳቁ ሲመለሱ እኔ በስብሻለሁ። "ኪዳነ ምሕረት የልብሽን መሻት ትፈጽምልሽ" ብለው መረቁኝ።

እማማ፣ የልቤ መሻት እኮ እሱ ሽቦ ነበር!

እስቲ አውሩኝ፣ እናንተስ ለወጉ ብላችሁ ምን አመለጣችሁ? እኔ አሁን የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ፤ ማንንም አላስቀድምም።