ጣሪያችን ጎረቤት የሄደ ጊዜ

ጠብ… ጠብ… ጠብ። ባለፈው ክረምት ቤቴል ያለው ቤቴ ውስጥ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ፣ ሚስቴ «ሠራተኛ ጥራ» እያለች ስትጨቀጭቀኝ፣ እኔ የብረት ሳፋ ከሥሩ አስቀምጬ፣ ቦርጬን ታቅፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጥ ነበር።

«አብደሃል እንዴ?» አለችኝ። አላበድኩም፤ ቀራንዮ ሰፈር ሄጄ ነው እንጂ፣ ልጅነቴ ጋ።

ሰፈራችን ወንዝ ዳር ነበር። ከእኛ ዝቅ ብሎ ጋሽ ከድር የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ይኖሩ ነበር፤ በዘነበ ቁጥር የጣሪያችን ውሃ እሳቸው ግቢ ስለሚወርድ ክረምት የሚገባው በእሳቸው ጩኸት ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ውሃህን ሰብስብ! ቀበሌ ነው የምከስህ!» አባዬ ደግሞ ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ ይቆምና «ዝናቡን የላከውን ክሰስ!» ይላቸው ነበር። እኛ ልጆች ይህን እንደ ድራማ ነበር የምንጠብቀው።

አንድ ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ግን ወንዙ ሞልቶ ወጣ። ጩኸት ሰምተን ስንሮጥ የጋሽ ከድር ቤት የለም። ሚስታቸው እትዬ ራህማ ልጆቹን ይዘው ቀድመው ስለወጡ ሰው አልተጎዳም፤ ቤቱ ግን ግድግዳው፣ ቆርቆሮው፣ አልጋው ሁሉ ሄዶ፣ በሩ ብቻ ከነመቃኑ ቆሟል፤ ያውም እንደተቆለፈ። ጋሽ ከድር ከሱቅ እየሮጡ መጡና ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው በሩ ፊት ቆሙ። ዞር ቢሉ በጎን መግባት ይችላሉ እኮ! እሳቸው ግን ቁልፉን እንደያዙ ቀሩ። ለቅሶ ቤት እንኳ ሳቅ የሚያመልጠኝ እኔ፣ ያን ቀን አልሳቅሁም።

እነሱ ዘመድ ቤት ተጠግተው መስከረም ጠባ፤ የአባዬ የጽዋ ማኅበር ተራው እኛ ቤት ደረሰ። ማኅበርተኛው ጸሎት አድርሶ፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ጠላ ሊቀዳ ሲል የማኅበሩ ቄስ «ጠላው ይቆየን፤ መጀመሪያ ጭቃ እናቡካ» አሉና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ጋሽ ከድር ባዶ ግቢ ወረዱ። ደነገጥኩ፤ ቄስ ጉልበት እንዳለው አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ማኅበርተኛው ሁሉ እንጨት ያቆማል፣ ይማግራል፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር ይረግጣል። እኔም እረግጥ ነበር፤ እረግጥ ነበር ስል እሰምጥ ነበር ማለቴ ነው፤ የግራ እግር ጫማዬ እስከ ዛሬ እዚያ ግድግዳ ውስጥ ነው።

ግድግዳው ቆመ፣ ቆርቆሮ ግን ጠፋ፤ መዋጮው ለእንጨትና ለሚስማር አልቋል። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሮ መጣ፤ ያልደረቀ ጭቃ ላይ ከዘነበ ያ ሁሉ ልፋት ተመልሶ ወንዝ ሊገባ ነው።

ከትምህርት ቤት ስመለስ አባዬ ጣሪያ ላይ ነው። የእኛ ጣሪያ ላይ! እኔና ወንድሜ የምንተኛበትን ክፍል ቆርቆሮ በመዶሻ እየነቀለ ወደ ታች ያወርዳል። እማዬ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች።

«ሰውዬ፣ ልጆቹስ?» አለች።

«ሳሎን ይተኛሉ። ሳሎን አለን አይደል?»

ቆርቆሮውን ተሸክሞ ወደ ጋሽ ከድር ግቢ ሲወርድ እሳቸው ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ አንዴ ቆርቆሮውን፣ አንዴ አባዬን አዩ።

«ውሃህ ግቢዬ ገባ ብዬ ስከስህ» አሉ፣ «ጭራሽ ጣሪያውን ይዘህልኝ መጣህ?»

«እንግዲህ ውሃው ከራስህ ጣሪያ ነው የሚወርደው፤ ማንን እንደምትከስ አያለሁ!»

ሁለቱ አብረው ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው፤ ሲያለቅሱም።

አባዬ አዲስ ቆርቆሮ ለገና አለ፣ ለፋሲካ አለ፣ ክረምቱ ደረሰ። ሳሎን ጠብቦን ስለነበር ክፍላችን ላይ ላስቲክ ተወጥሮ፣ መሀላችን ሳፋ ተቀምጦ፣ ጠብ… ጠብ… እያለ እንተኛ ነበር። ከታች ጋሽ ከድር ቤት ላይ ዝናቡ የድሮ ቆርቆሯችንን ሲደበድብ ወንድሜ «ስማ፣ ጣሪያችን ይጮሃል» ይለኝ ነበር።

ዛሬ ጣሪያዬ ኮንክሪት ነው። በዚያው ባለፈው ክረምት ጎርፍ የሰው ቤት ወሰደ ሲባል በስልኬ ብር ላክሁ፣ «ተልኳል» የሚል መልእክት መጣልኝ፣ ወደ እራቴ ተመለስኩ። የማን ቤት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም።

ሠራተኛው መጥቶ ቧንቧውን ሲያጠብቀው ቤቱ ጭጭ አለ። ሚስቴ «እፎይ፣ ተገላገልን» አለች። እኔ ወደ ጣሪያዬ አንጋጠጥኩ፤ ጠንካራ ነው፣ አያፈስም፤ ተነቅሎ ለሰው የሚሰጥ ነገር ግን የለውም።