የእትዬ ኮሪ መያዣ

ባለፈው ሰሞን ልጄ ሃና እዚሁ ሆላንድ፣ ዲመን ከተማ ካለው የተማሪ ክፍሏ ደወለችልኝ። ትምህርቷን ስትጨርስ ክፍሉን ለቃ ወደ እኛ፣ ወደ ሆግቭሊት እንድትመለስ ወስኜ ነበርና ያንኑ ደገምኩላት። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ «አባ፣ እሺ ብዬህ ከምቀር አልመጣም ብልህ አይሻልም?» አለችኝ። «አንተ» ማለቷን ከለመድኩት ቆይቻለሁ። እምቢታዋ ግን አንገበገበኝ። በዚህ ቤት አባት ሲናገር መልሱ እሺ ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ስናደድ ዕቃ ማስተካከል ልማዴ ነው። ምድር ቤት ወዳለችው በርኺንጋችን፣ ወደ ዕቃ ማስቀመጫዋ ክፍል፣ ወርጄ የድሮ የመፍቻ ሣጥኔን ስበረብር፣ ከሥሩ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ሳልፈታው ምን እንደሆነ አወቅሁ። ከስንዝር ትንሽ የሚበልጥ የብረት መያዣ ነው። ሦስት ቤት ስቀይር አብሮኝ ተጉዟል። አልጣልኩትም፤ ለማንም አሳይቼውም አላውቅም።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጠዋት ጠዋት ራይስዋይክ ከተማ ቢሮ አጸዳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። መካኒክነት ማንም አላስተማረኝም። ከቤተ መጻሕፍት የጥገና መጽሐፍ ተውሼ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ ዘርግቼ፣ የሰው ሞተር እየፈታሁ ነው የተማርኩት። ማንንም ሳልጠይቅ ማወቄ ያኮራኝ ነበር። ብቻውን የተማረ ሰው ግን ተሳስተሃል የሚለው ሰው አይለምድም። እኔም አልለመድኩም።

ጎረቤቶቼ ከፔርኒስ ነዳጅ ማጣሪያ ጡረታ የወጡ ሽማግሌና ባለቤታቸው ነበሩ። ስማቸው ፒትና ኮሪ ነው፤ እኔ ለአበሻ ሳወራ ጋሽ ፒትና እትዬ ኮሪ እላቸው ነበር። ጋራዣቸው ውስጥ አንዲት ቢጫ የስፖርት መኪና ቆማለች። እንዳለች ከፋብሪካ የወጣች አይደለችም። በወጣትነታቸው አካሏን በሣጥን ተፈታትቶ ገዝተው፣ በአሮጌ ቮልስ ሻንሲና ሞተር ላይ ባልና ሚስት በገዛ እጃቸው የገጣጠሟት ናት። ቁመቷ ከወገብ አይበልጥም፣ ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። ብዙ ዓመት ከመቆሟ የተነሣ ቀለሟ ገርጥቶ፣ የፋይበር አካሏ ተሰነጣጥቆ፣ ፍሬኗ ደርቆ ነበር።

«ከፋሲካ በኋላ ኮሪን ሁክ ፋን ሆላንድ ልወስዳት እፈልጋለሁ» አሉኝ ጋሽ ፒት። «ዳሌዋ ሳይብስባት አንድ ጊዜ በዚችው መኪና ባሕሩን እንይ።»

መኪናዋን ላድስላቸው ተስማምቼ የብርዱን ወራት ሙሉ ስሠራ ከረምኩ። ፋይበሩን በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ ብናኙ ሸሚዜ ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ሲያሳክከኝ ያድራል፤ የማጣበቂያው ሽታ እንጀራ ስበላ እንኳ ከአፍንጫዬ አይጠፋም። አንድ ቀን እትዬ ኮሪ ወፍራም የአተር ሾርባ ይዘውልኝ መጡ። ቋሊማ ነበረበት። ጾም መግባቱን ሳስረዳቸው ሳቁብኝ። በሳምንቱ ግን በትንሽ ድስት ሥጋ ያልነካው ሾርባ ለብቻዬ ሠርተው አመጡና፣ «ይቺ ያንተ ድስት ናት» አሉኝ። እስከ ፋሲካ አልቀረችም።

ከእትዬ ኮሪ መቀመጫ ፊት፣ ዳሽቦርዱ ላይ፣ ጋሽ ፒት የበየዱት ያ መያዣ ነበር። ወንበሩንም ከሥሩ በጣውላ ከፍ አድርገውታል። እትዬ ኮሪ መያዣውን ጨብጠው ነው የሚገቡትና የሚነሡት። ጋሽ ፒት መጀመሪያውኑ በጣታቸው እያሳዩ፣ «ሌላውን እንደፈለግህ አድርገው። ይሄንና ወንበሩን አትንካ» ብለውኛል።

«እሺ» አልኳቸው።

ከእኔ ጋር የሚያጸዳ ተስፋዬ የሚባል ጓደኛዬ መኪናዋን ሊያይ መጣ። ዞሯት ዞሯት ዳሽቦርዱ ጋ ሲደርስ ሳቁ መጣ።

«ወንድሜ፣ የስፖርት መኪና አይደል ያልከኝ? የከተማ አውቶቡስ መንጠልጠያ ምን ይሠራል እዚህ?»

«የሽማግሌው ነው፣ ተወው።»

«እኔስ እተወዋለሁ። ሰው ሲያይ ግን ማን ሠራው ነው የሚለው።»

ይህች ቃል ስትከነክነኝ ሰነበተች። በሰሙነ ሕማማት ባልና ሚስቱ ሄግ ወዳለች ልጃቸው ሄዱ። እኔ ስሰግድ መዋል በሚገባኝ ሳምንት መያዣውን በብረት መጋዝ ቆረጥኩት። ጉቶውን ሞርጄ በጥቁር ቆዳ ሸፈንኩት። ጣውላውን አውጥቼ፣ ከአሮጌ መኪና መጣያ ያገኘሁትን ዝቅ ያለ የእሽቅድምድም ወንበር ገጠምኩ። የእትዬ ኮሪ ነገር ሳይታሰበኝ ቀርቶ አይደለም። እኛ አገር ትልቅ ሴት ከመኪና ስትወጣና ስትገባ ክንዱን የሚሰጣት ወጣት አይጠፋም። እኔ እያለሁ ብረት ምን ያደርግላቸዋል አልኩ።

ወደ ባሕሩ ሊሄዱ የተነሡበት ቀን ፀሐይ ነበር። መኪናዋ እንደ ሎሚ ታበራለች። እትዬ ኮሪ ሻሽ አስረው፣ ዳቦና ቴርሞስ በዘንቢል ይዘው ወጡ። ጀርባቸውን ለወንበሩ ሰጥተው እጃቸውን ወደ ዳሽቦርዱ ሰደዱ። እጃቸው አየሩን ዳበሰና ምንም አጣ። ሮጬ ክንዴን ዘረጋሁ።

«አይ፣ ራሴ» አሉኝ።

ሁለቴ ሞከሩ። በሦስተኛው እምቢታቸውን ከምንም ሳልቆጥር ብብታቸውን ደግፌ ዝቅ ሳደርጋቸው ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ፊታቸው ነጣ። ከጋሽ ፒት ጋር ሆነን መልሰን አነሣናቸው።

«መያዣው የት አለ?» አሉኝ ጋሽ ፒት።

«ዝጎ ነበር። ስነካው እጄ ላይ ወደቀ።»

ሽማግሌው እኔንም ጥቁሩን ቆዳም አዩ። አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። እትዬ ኮሪ፣ «መኪናዋ ግን አምራለች» አሉና ለባሕር ዳር የያዙትን ዳቦ እዚያው ጋራዡ በር ላይ ቆርሰው ሰጡን። ቆመን በላን።

«በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ትበይድልናለህ?» አሉኝ ጋሽ ፒት።

«እሺ» አልኳቸው።

የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። አልሄድኩም። በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ በዛብኝ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በሁለተኛው መንገድ ቀየርኩ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን ስሰማ መጋረጃ የምዘጋ ሰው ሆንኩ። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ልጃቸው አጠገብ ወዳለ የአረጋውያን ቤት ገቡ። ቢጫዋ መኪና ተጎታች ላይ ተጭና ስትሄድ በመስኮት አየኋት። ባሕሩን በእሷ አላዩም። ከሥራ ስመለስ ያቺ ትንሽ ድስት ታጥባ ደጄ ላይ ተቀምጣለች። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ልጆቼን ሳሳድግ እሺ ማለትን ከሁሉ አስቀድሜ አስተምሬያለሁ፤ አክብሮት ነው ብዬ። የእኔ እሺታ ግን አክብሮት አልነበረም። ከሽማግሌው ዓይን ቶሎ ለመገላገል ያልኩት ነው። ወደ ቤት አልመለስም ያለችው ልጄ ከዚያ ስልክ በኋላ በሳምንቱ ልትጠይቀኝ መጣች። መያዣውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ለጋሽ ፒት ዝጎ ነበር ማለቴንም ጭምር። ስልክ ስለዘጋሁባትም ይቅርታ ጠየቅኋት፤ አፌ ላይ ከበደኝ እንጂ አልኩት።

ሃና ብረቱን አንሥታ ጨበጠችው። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄዳ ከዳር እስከ ዳር አገላበጠችው።

«አባ፣ ዝገቱ የታለ?»

«የለም» አልኳት። «ያኔም አልነበረም።»