በቅጠል ላይ የቀረው ጨው

ወሬው የደረሰኝ ክረምት ገብቶ፣ ጎሬ ላይ ጉሙ ደጃፍ ድረስ በወረደበት አንድ ጠዋት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ የረጠበ ነጠላዬን ሳሰጣ ስልኩ ጮኸ። የደወለችው ሰቆጣ ያለች፣ ዛሬ የልጅ ልጅ ያየች ሴት ናት። እኔ ግን ድምጿን በሰማሁ ቁጥር የምትታየኝ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆና፣ ጉልቻ ፊት ተንበርክካ እሳት እፍ ስትል ነው።

«እትዬ፣ ተቀምጠዋል?» አለችኝ።

«ቆሜያለሁ። ተናገሪ።»

«ጋሼ አረፉ። አርባቸውም ወጣ። ስልክዎ አልገባ ብሎኝ ነው የዘገየሁት፣ አይቀየሙኝ።»

ጋሼ የምንላቸው ሰው በሰቆጣ ክሊኒክ ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ። ከሥራ ሲወጡ ደግሞ ማንም ሳይከፍላቸው የከተማውን የስካውት ልጆች ይመሩ ነበር። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። ከየት አገር እንደመጡም ደፍሮ የጠየቃቸው አላውቅም። እንባዬን ጠርጌ ፍትሐቱ በሥርዓቱ እንደተደረገላቸው ጠየቅኋት።

«ሁሉም ተደርጓል፣ እትዬ። ግን ካህኑ የክርስትና ስማቸውን ሲጠይቁ ከቀባሪው መሀል የሚያውቅ ጠፋ። የነፍስ አባታቸው ቀድመዋቸው ነው ያረፉት።»

በማግስቱ እዚህ ያሉትን ካህን በጸሎት እንዲያስቡልኝ ብለምናቸው፣ እሳቸውም ያንኑ ጠየቁኝ። የእያንዳንዱን ልጅ ስም ከነአባቱ፣ ከነመንደሩ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ እኔ ግን የእሳቸውን አንድ ስም አላውቅም። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ስም ነው። ከመለመኔ በፊት ግን የዚያን ሰው ውለታ ልናገር። ዘመኑ ርቋልና የዘነጋሁት ቢኖር ይቅር በሉኝ።

ደርግ በመጣ በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ ነው። እኔ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ በትምህርት ቤቱ ባልትናና የእጅ ሥራ አስተምር ነበር። ጋሼ ሴቶቹን ልጆች እንድይዝላቸው ለመኑኝ፤ ቀጥሎም ጽሕፈትሽ ያምራል ብለው የደረጃ መዝገቡን ሰጡኝ። አንድ ልጅ ከመጀመሪያው ደረጃ ወደ ሁለተኛው የሚያልፈው አራት ነገር ተፈትኖ ነው፦ ቋጠሮ፣ ቁስል ማሰር፣ መልእክት ሳያዛቡ ማድረስ፣ በሁለት ክብሪት እሳት አንድዶ ወጥ መሥራት። በያንዳንዱ ትይዩ ፈታኙ «አልፏል» ወይም «አላለፈም» ብሎ ይፈርማል። አራቱንም ካለፈ ጋሼ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይጽፉለታል።

ቋጠሮ የሚፈትኑት ሐጂ ነበሩ። ሐጂ ጨው ነጋዴ ናቸው፤ በአበርገሌ በኩል የሚገባው አሞሌ ብዙው የሚራገፈው እሳቸው ሱቅ ነው። ጋሼን «ዶክተር» ይሏቸዋል፣ ግማሹ ለክብር ግማሹ ለቀልድ። ጋሼ የስካውቱን መመሪያ መጽሐፍ ገልጠው የቋጠሮውን ሥዕል ሲያሳዩዋቸው፣

«ዶክተር፣ እኔ ሥዕል ላይ ጭነት አስሬ አላውቅም» ይላሉ። «ልጁ አህያዬን ይጫናት። ዳገቱን ወጥታ ስትመለስ ጭነቱ ካልዞረ፣ አልፏል።»

ጋሼ ይስቁና ይሁን ይላሉ። ከሐጂ አህያ የተመለሰ ቋጠሮ ደግሞ መቼም አይፈታም ነበር።

በዚያ መስከረም አንድ ሰኞ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። ስካውት የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት ስለሆነ ተዘግቷል፤ መዝገቡ፣ ማኅተሙ፣ ድንኳኑና ባንዲራው ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት እንድናስረክብ ይላል። ጋሼ ሁለቴ አነበቡት፤ አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤

«ስድስት ልጆች የወጥ ፈተና ቀርቷቸዋል። ረቡዕ እንጨርሰው።»

ከስድስቱ አንዷ ያቺ አሁን የደወለችልኝ ልጅ ነበረች። ከፃግብጂ የመጣች፣ በቤቷ አገውኛ የምትናገር፣ ሰቆጣ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ቤት ተከራይታ ከአገሯ ባመጣችው ስንቅ የምትማር ልጅ ናት። አባቷ ባለፈው ገበያ መጥቶ ቁርጡን ነግሯታል። «ከተማ ገብተሽ ምን እንዳገኘሽ ማኅተም ያለበት ወረቀት አሳይኝ። በሚመጣው ገበያ ከሌለ ግን ስልቻሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ።» ሁላችንም ይህን እናውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር፤ ያንን ነው የምናዘዘው።

ረቡዕ ልጆቹ ከትምህርት ቤቱ በላይ ባለው ሜዳ ጉልቻቸውን ጣሉ፤ የአተር ክክ ነው የሚሠሩት። ድስቶቹ ሲወርዱ ያላሰብነው ነገር መጣ። መጽሐፉ ፈታኙ ይቅመስ ይላል። እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ጋሼም ጾመኛ ናቸው።

«ሐጂ ይጠሩ» አልኩ።

ሐጂ መጡና ድስቶቹን አይተው ሳቅ ያዛቸው። «ዶክተር፣ ረመዳን መሆኑን እርስዎም ዘነጉት? እኔንማ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውኃ እንኳ አያውቀኝም።»

«እንግዲያው ሦስት ፈታኝ፣ አንድም ምላስ የለም» አሉ ጋሼ።

«ሽታውን ልፈርምላችሁ እችላለሁ» አሉ ሐጂ፤ ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። እኛ ጾም እስኪፈታ ዘጠኝ ሰዓት ልንጠብቅ ተስማማን፤ ልጆቹም ዛፍ ጥላ ሥር ገቡ።

እኔ ዝም ብሎ መቀመጥ አልችልም። በየጉልቻው ዙሪያ የወዳደቀውን የሽንኩርት ልጣጭ፣ ጭራሮና ቅጠል ለቅሜ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። አንዱ የዋንዛ ቅጠል እንደ ታጠፈ ገብቶ ጠሽ ጠሽ ሲል ሰማሁት፤ እርጥብ ይሆናል ብዬ አለፍኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አማትቤ ቀመስኩ። የአንዱ ጨው በዝቷል፣ የሌላው አሯል፣ ግን ይበላል። የእሷን ስቀምስ ጨው የሚባል አልነካውም። ጨው የሌለው ወጥ ወጥ አይባልም ብዬ ሳስተምር ነው የከረምኩት። «አላለፈችም» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። ልጅቷ አንድ ቃል አልተናገረችም። ድስቷ አጠገብ ያለውን መሬት ብቻ አየችው። ታላቅን መመለስ ነውር ተብላ ያደገች ልጅ ናት። እኔ ደግሞ ዝምታዋን ጥፋቷን ማመን አድርጌ ወሰድኩት።

ሐሙስ ጠዋት ክብሪት ልገዛ ሐጂ ሱቅ ገባሁ።

«ያቺ የፃግብጂዋስ? አለፈች?» አሉኝ።

«አላለፈችም፣ ሐጂ። ወጧ ጨው የለውም።»

«ጨው የለውም? እኔ ራሴ አይደለሁም እንዴ የቆረስኩላት! ንጹሑን ስጡኝ ብላ ሦስት ጊዜ መልሳብኝ፣ ወቅጣ፣ በቅጠል ቋጥራ ነው የሄደችው።»

ያን ጊዜ እሳቱ ውስጥ የተንጣጣው ቅጠል ትዝ አለኝ። ክብሪቱን ባንኮኒው ላይ ትቼ ክሊኒክ ሮጥኩ። ጋሼ የአንድ ገበሬ እግር ያጥቡ ነበር። ቆሜ ጠበቅኋቸው፤ እጃቸውን ሲታጠቡ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እጃቸውን ቀስ ብለው አደረቁ።

«እሷን ጠየቅሻት?»

«አልጠየቅኋትም።»

አስጠሯት። መጣች። ጋሼ ጨውሽን ምን አደረግሽው ሲሏት ወደ እኔ አየች፣ ከዚያም ወደ መሬት። «ከድስቱ አጠገብ አስቀምጬው ነበር። ስመለስ አጣሁት» አለች። ማን እንዳነሳው አልተናገረችም። ታውቅ ነበር፤ እያየችኝ ነው ያነሳሁት።

እሷ ስትወጣ እኔ ብዕሬን አወጣሁ። «ጋሼ፣ አሁኑኑ ፍቄ 'አልፋለች' ብዬ ልጻፈው።»

«አይሆንም» አሉኝ። «ከነጨው አልቀመስሽውም። ያልቀመስሽውን ጣፈጠ ብትይ አንዱን ጥፋት በሌላ መሸፈን ነው። ነገ እንደገና ትሥራ።»

«ነገ እኮ ዓርብ ነው! ጾም የሚፈታው ዘጠኝ ሰዓት፣ መዝገቡ የሚሄደው ስድስት ሰዓት። ማን ይቀምሳል?»

ጋሼ ፈገግ አሉ። «በዚህ ከተማ ዓርብ ጠዋት እንቁላል አስጠብሶ የሚበላ አንድ ሰው አለ።»

የሚሉት የአውራጃውን ተወካይ ነበር፤ ደብዳቤውን የጻፈልንን። በእድሜ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ ካኪ የሚለብስ ወጣት ነው። ጾም እንደማይጾም ቡና ቤት ተቀምጦ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ አገሩም ሰምቶታል። እኔ ፈራሁ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ዘንድ ሄዶ ስለ ስካውት ማውራት ቀላል ነገር አልነበረም። ጋሼ ግን ዓርብ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ላይ ጠበቁትና ወደ ሜዳው ይዘውት መጡ። ሐጂም ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል።

«ጓድ፣ ንብረቱ ይኸው ተዘጋጅቷል» አሉት። «ከማስረከባችን በፊት አንድ ሥራ ቀርቶናል። ወጥ የሚቀምስልን ሰው እንፈልጋለን።»

«ምነው፣ መርዝ አለበት?»

«የሚቀምስ ጠፍቶ ነው። እኛ ጾመኞች ነን።»

ሳቀ። ከዚያ ፊቱን አኮሳተረ። «ነገ ለማይኖር ማኅበር ዛሬ ፈተና ምን ያደርጋል?»

«ማኅበሩ ነገ አይኖርም» አሉ ጋሼ። «ልጅቷ ግን ነገም አለች።»

ተወካዩ ልጅቷን አያት፣ ሰዓቱን አየ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

የመጀመሪያውን ክብሪት ነፋስ አጠፋባት። ሁለተኛውን ስትጭር ጭራሮው ተያያዘ። ክኩ በስሎ ድስቱ ሲወርድ ከመቀነቷ የታጠፈ ቅጠል አወጣችና ከድስቱ አጠገብ ዘርግታ አኖረችው። በዚህኛው ቀን እኔ ከቅጠሉ አጠገብ አልተነቃነቅሁም፤ ሕፃን የሚጠብቅ ሰው እንደዚያ አይጠብቅም።

«ይኸ ምንድን ነው?» አለ ተወካዩ።

«ጨው ነው» አለች፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። «እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ቀምሼ መለካት አልችልም። ከበዛ መመለሻ የለውም። ለሚበላው ሰው ነው የተውኩት።»

ተወካዩ ቅጠሉን ብዙ አየው። «እናቴም በጾም ቀን እንዲህ ነበር የምታደርገው» አለ። ለእኛ የነገረን አይመስለኝም። ቆንጥሮ ጨመረ፣ አማሰለ፣ በእንጀራ ጠቀለለና ጎረሰ። ደገመ። ሠለሰ።

«ኧረ አንተ ልጅ!» አሉ ሐጂ፣ «ቅመስ ነው እንጂ ጨርስ አልተባልክም! እኛ ሆዳችን እየጮኸ!»

ሜዳው በሳቅ ሞላ፤ እሱም አፉን ይዞ ሳቀ። ከዚያ መዝገቡን ተቀበለና በፈታኙ ቦታ ላይ «አልፋለች» ብሎ ፈረመ። የዚያ መዝገብ የመጨረሻው የፈታኝ ፊርማ የዘጋን ሰው ፊርማ ነው።

ጋሼ መዝገቡን ወደ እኔ አዞሩት። «የረቡዕ ጽሕፈትሽን አትፋቂው። አንድ መስመር አስምሪበትና ከጎኑ ፈርሚ። የተፋቀን ነገር ሰው ይጠረጥረዋል። የተሰረዘ ግን ከነስህተቱ ይነበባል፤ አታፍሪበት።» አሰመርኩ፣ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ የተማሪ ውጤት ስሳሳት ያንኑ አድርጌያለሁ፤ ልጆቼንም ስበድል ፊት ለፊት ይቅርታ መጠየቅ ከዚያ ሜዳ የተማርኩት ነው። ለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፣ ቀጥሎም እሳቸውን።

ወረቀቱ ተጻፈ። ማኅተሙ ከተመታ በኋላ ቀለሙ እስኪደርቅ ተወካዩ ቆሞ ጠበቀ፤ ከዚያ ማኅተሙን ራሱን ወሰደው። በገበያው ቀን አባቷ መጣ። ማንበብ አይችልም። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ አገላበጠ፣ ክቡን ማኅተም በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ «በምን አገኘሽው?» አላት።

«ወጥ ሠርቼ» አለችው።

«ወጥማ እናትሽም ትሠራለች» አለና ሳቀ። ወረቀቱን ግን አጥፎ ኮቱ ውስጥ ከተተ፤ ስልቻዋንም አላነሳም። ተማረች። በክፉው የድርቅ ዘመን ኒሯቅ ላይ ከጋሼ ጎን ሆና ለደከሙት ገንፎ ስታማስል የነበረችው እሷ ናት። እኔ ያን ጊዜ ተዛውሬ ወደዚህ ወደ ጎሬ መጥቻለሁ፤ በደብዳቤ ነው የሰማሁት።

አሁን ልመናዬን ልናገር። መዝገቡን ባስረከብን በሳልስቱ፣ እሑድ፣ ጋሼ «ጸበል መሄድ የከለከለን የለም» ብለው ልጆቹን ሁሉ ከከተማው በታች ወዳለው ጸበል ይዘው ወረዱ። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ተሰለፍን። ጋሼ ከወንዶቹ ፊት ነበሩ። ካህኑ እያንዳንዱን የክርስትና ስሙን እየጠየቁ ነው የሚያጠምቁት። እኔ የሴቶቹን ሰልፍ ሳስተካክል ጋሼ ምን ብለው እንደመለሱ አልሰማሁም።

ከኋላቸው የቆማችሁ ግን አላችሁ። ያን ጊዜ የአሥርና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ነበራችሁ፤ ዛሬ ጸጉራችሁ ሸብቷል። ሁለተኛውና ሦስተኛው የነበራችሁ ሳትሰሙ አትቀሩም። እባካችሁ አስታውሱልኝ። እኔ ዘንድ መድረስ ቢቸግራችሁ ሰቆጣ ላለችው ለዚያች ሴት ንገሯት፤ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እርግጠኛ ባትሆኑም ንገሯት፤ ሁለት ስም ቢመጣ ሁለቱንም ለካህኑ እሰጣለሁ። እስከዚያ ድረስ «የሰቆጣው ድሬሰር» እያልኩ ነው የማስጠራቸው።