ሦስቴ ያንኳኩት ሰው

ሽማግሌው ሐሙስ ሐሙስ ከቀብሪበያ የስደተኞች ጣቢያ በሚኒባስ ይመጣሉ። ጅግጅጋ፣ ቀለምወርቅ እብነ በረድ የምትሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ሲደርሱ ማንም ሳይላቸው ጫማቸውን ያወልቃሉ። ሽርጣቸው ነጭ ነው፤ ከጣቢያው አቧራ እንዴት አድርገው እንደሚጠብቁት እንጃ። ግድግዳ ተደግፈው የቆሙትን ንጣፎች በጣታቸው አንጓ ሦስት ሦስት ጊዜ እያንኳኩ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ቀለምወርቅ ስንጥቅ የሚፈትሹ ነበር የመሰላት፤ ግንበኞችም እንዲሁ ያደርጋሉ።

«ሎሚ እንዳታስነኪው» ይሏታል፣ ነጩን እየዳበሱ። «ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። ባለቤቴ እንደዚያ ነበር የምታጥበው።»

ዛሬ «አባባ፣ የትኛውን ልስጥዎት?» አለቻቸው።

«ሞቃዲሾ የቤታችን ወለል ይሄ ነበር። ቤቱ በመድፍ በቤተሰቤ ላይ ሲናድ እኔ ገበያ ነበርኩ። ስመለስ ከወለሉ በቀር የተረፈ ነገር ስላጣሁ እሱኑ አንኳኳሁ።» ጫማቸውን አጠለቁ። «ሰው ቤት ሦስቴ ይንኳኳል፤ መልስ ከሌለ መመለስ ነው ወጉ። ሐሙስ ደግሞ እመጣለሁ።»

ከሄዱ በኋላ ቀለምወርቅ ነጩን ንጣፍ አንኳኳች። ደገመች። ሦስተኛውን ግን አልደፈረችም።